የአሥራ ሰባት ቁጥር ባለቤት

የእንስሳት ሐኪሟ በሥራ ቦታዋ በሁለት ነገር ትታወቃለች። አንደኛው እጇ ነው፤ ተናካሽ የተባለ ውሻ እንኳ እሷ ስትይዘው ዝም ይላል። ሁለተኛው ምላሷ ነው፤ እሷ የተናገረችው የውሻ ባለቤትም ዝም ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም። በምርመራ ክፍሏ በር ላይ በትልልቅ ፊደል "ከገበታዎ የሚያቀምሱት ቁራሽ ውሻዎን ይጎዳል" የሚል ወረቀት ለጥፋለች። ሰው ሁሉ ይህን እያነበበ "እውነት ነው፣ አንዳንድ ሰዎች እኮ ያስቸግራሉ" እያለ ሲያልፍ ጊዜ፣ ከሥሩ በእስክሪብቶ "አዎ፣ የእርስዎንም ውሻ" ብላ ጨመረችበት።

ከዓመት ወዲህ አንድ ጥናት ይዛለች። ቆሽታቸው የታመመ ውሾች በደማቸው ያለው ቫይታሚን ዲ ከጤነኞቹ ያንስ እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች። ሃያ በሽተኛ፣ ሃያ ጤነኛ ያስፈልጋታል። በሽተኞቹን ለማግኘት አልተቸገረችም፤ የሰው ፍቅር ሁሉ በሥጋ ጮማ የሚገለጽ ይመስል በየሳምንቱ አንድ ሁለቱን እየተሸከሙ ያመጡላታል። የጠፉት ጤነኞቹ ናቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ውሻው ጤነኛ መሆኑን ይምላል፣ መርፌዋን ሲያይ ግን "እሱ ደም ሲያይ ይደነግጣል" ይልና ገመዱን ጎትቶ ይወጣል። ውሻው ይሁን ባለቤቱ የሚደነግጠው አይታወቅም።

መጨረሻ ላይ አንድ ጤነኛ ሲጎድላት የራሷን ውሻ ይዛ መጣች። ሹሜ ይባላል። ቡናማ፣ ወገቡ ደልደል ያለ፣ ስምንት ዓመት የሞላው ውሻ ነው። መጠይቁን ራሷ ሞላች። "ከገበታ ይሰጠዋል?" የሚለው ጋ ስትደርስ ሌሎቹ እንደጻፉት "አይሰጠውም" ብሎ ማለፍ አነሰባትና "በፍጹም!" ብላ ጻፈች፤ ከነቃለ አጋኖው።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል የሹሜ ጤንነት ያልተነገረው ሰው አልቀረም። "የኔ ውሻ እኮ ከጤነኞቹ ተራ ነው" ትላለች፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ እንደገባለት ሰው። ላብራቶሪው ግድግዳ ላይም ፎቶውን ሰቅላለች። ፎቶው ላይ ሹሜ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ ደረቱን መሬት አስነክቶ፣ ኋላውን ሽቅብ ሰቅሎ ይታያል። ማታ ማታ ከሥራ ስትገባ እንዲህ ነው የሚቀበላት። "እጅ ይነሳኛል" ትላለች። "ከዚህ ሁሉ ሠራተኛ ቤቱ ሲገባ እጅ የሚነሳው ያለው እኔ ብቻ ነኝ።"

ይህን ሁሉ ኩራት የሚሰማው የላብራቶሪው ባለሙያ ነው። አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት ሦስት ጊዜ ስለሚያስብ ሁሉም "ሚዛን" ይለዋል። የጥናቱ ምሥጢር የተቀመጠው እሱ ዘንድ ነው። ደሙ ሲቀዳ ለየውሻው በዕጣ ቁጥር ይሰጣል፤ ከአንድ እስከ ሃያ ያሉት ጤነኞች፣ ከዚያ በላይ ያሉት በሽተኞች ናቸው። የትኛው ቁጥር የማን ውሻ እንደሆነ የሚናገረው ዝርዝር ታሽጎ በሚዛን መሳቢያ ተቆልፏል። ሐኪሟ ዓይኗ እንዳያዳላ ያወጣችው ሕግ ነው።

"ጥናቱ ሳያልቅ ቁጥሩ የማን እንደሆነ እንዳትነግረኝ" ብላዋለች። "ብለምንህ እንኳ። ባለቅስ እንኳ።"

"ቢቆጡኝስ?" አለ ሚዛን።

"ብቆጣህም።"

ውጤቱ የመጣ ዕለት ሁለቱም አጎንብሰው ሠንጠረዡን ያዩ ጀመር። ነገሩ እንደጠበቀችው ነበር፤ የበሽተኞቹ ቫይታሚን ዲ ዝቅ፣ የጤነኞቹ ደህና ነው። ጣቷ በጤነኞቹ ተራ እየወረደ ሄዶ አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ ቆመ። ቫይታሚን ዲው ከሃያዎቹ ሁሉ ዝቅተኛው ነው፣ ከአንዳንዶቹ በሽተኞች እንኳ ያንሳል። የቆሽቱ ምርመራ ደግሞ ጣሪያ ነክቷል።

"ይሄ ነው ጤነኛ?" አለች። "ይሄማ ቆሽቱ ከታመመ ወራት ሆኖታል!"

ጣቷን ወደ መጠይቁ መልስ አሻገረች። ሚዛን መልሶቹን ከየመጠይቁ በታማኝነት፣ ነጥብ ሳይቀር ገልብጧቸዋል። በአሥራ ሰባት ቁጥር ትይዩ "በፍጹም!" ይላል።

"'በፍጹም' አለኝ! ከነቃለ አጋኖው! እየው ሚዛን፣ እውነተኛ ሰው 'አልፎ አልፎ' ነው የሚለው። 'በፍጹም' የሚል ሰው ወይ ውሸታም ነው፣ ወይ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚደረግ የማያውቅ ሞኝ ነው።"

ሚዛን ሳል ያዘው።

ውሻው ቆሽቱ ታሞ የእሷ ቆሽት አረረ። ወዲያው ወንበር ስባ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች።

"ዶክተር፣ ደብዳቤው ለጊዜው ቢቆይ አይሻልም?" አለ ሚዛን።

"ለምን ሲባል?"

ሚዛን ቃሉን መዘነ። "ባለቤቱ ኩሩ ሰው ናቸው።"

"እንኳን ኩሩ ሆኑ! ኩራታቸው ትንሽ ይብረድላቸዋ!"

ደብዳቤው አጭር ነበር። "ለ17 ቁጥር ውሻ ባለቤት። ውሻዬ ጤነኛ ነው ብለው ሰጥተውናል። አይደለም፤ ቆሽቱ ታሟል፣ ቫይታሚን ዲውም አንሷል። በቤትዎ ከገበታ ላይ ቅባት የሚያቀምሰው ሰው አለ። ያ ሰው ወይ እርስዎ ነዎት፣ ወይ አጠገብዎ ሆኖ ሲያደርገው ያላስተዋሉት ሌላ ሰው ነው። የትኛው የበለጠ እንደሚያሳፍር እርስዎ ይምረጡ። በሦስት ቀን ውስጥ ማን፣ ምን፣ ለምን እንደሚያበላው በጽሑፍ ይመልሱ። ውሻውም ለሕክምና ይቅረብ።" ፈረመችበት፣ ማኅተም መታችበት፣ "ዛሬውኑ ይድረስ" ብላ ለሚዛን ሰጠችው። ሚዛንም ፖስታውን እንደ ትኩስ ነገር በሁለት ጣቱ ይዞ ወጣ።

አንባቢ የማን ቤት በር እንደሚንኳኳ ቀድሞ ገብቶታል። እሷ ግን አልገባትም፤ ለሌላው ሲሆን ቶሎ የሚገባት ነገር ወደ ራሷ ሲመጣ መንገድ ይጠፋዋል።

ማታ ቤቷ ስትገባ ሹሜ ደረቱን መሬት አስነክቶ እጅ ነሳት። ጆሮውን አሸት አሸት አደረገችና ወደ ወጥ ቤት አለፈች። አባቷ ከገበታው እየተነሱ ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት በፖስታ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ቤት ውስጥም ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው፣ እሷ፣ አባቷና ውሻው። ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ምሳና ራታቸውን ሠርታ፣ በየዕቃው ላይ ቀኑንና ሰዓቱን የጻፈችበት ወረቀት ለጥፋ ትሄዳለች። ማታ ስትመለስ መጀመሪያ የምታየው ሰሃኑን ነው። የተላሰ ይመስል ጥርት ብሎ ይጠብቃታል።

"ጎበዝ አባዬ!" አለች እንደ ልማዷ።

የራሷን ምግብ በሰሃን ይዛ ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛዋ ሄደች። ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ እየጎረሰች፣ ጀርባዋን ለአባቷ እንደሰጠች ስለ አሥራ ሰባት ቁጥር ባለቤት ታወራላቸው ጀመር። ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን አንድም ሳታስቀር ገመተችላቸው፤ ቦርጫም፣ ውሻውን ከሰው እኩል ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ፣ ሲናገሩት የማይሰማ።

"ታዲያ ምን ይደረጋል ሰውዬው?" አሉ አባቷ። እጃቸው የሹራቡን ኪስ ይዳብሳል።

"ይመልሳል። በጽሑፍ።"

"ባይመልስስ?"

"ቤቱ ድረስ እሄድበታለሁ!"

"ሩቅማ አይሆንብሽም" አሉና ሊተኙ ገቡ።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ሚዛን አንድ ፖስታ ይዞ ገባ። ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ እንደ ሌላ ጊዜው አልወጣም፤ በሩ አጠገብ ቆመ።

ሐኪሟ ፖስታውን ልትቀድ አንስታ እጇ ቆመ። አድራሻው በሦስት መስመር ተጽፎ በማስመሪያ ተሰምሮበታል። ለቴምብር የሚሆነው ቦታ በልክ ተትቷል። የመጨረሻው ፊደል እግሩ ወደ ውስጥ ታጠፍ ብሏል። ይህን እጅ ጽሕፈት ከማንም ሰው ጽሕፈት መካከል ለይታ ታውቀዋለች። በአምስት ዓመቷ በተበላሹ የቴሌግራም ወረቀቶች ጀርባ ላይ ፊደል ያስቆጠራት ይህ እጅ ነው። ቁጭ አለችና ከፈተችው።

"ለተከበሩ ዶክተር፣

የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። በሠላሳ ስድስት ዓመት የፖስታ ሥራዬ የሰው ደብዳቤ ከፍቼ አላውቅምና ከመክፈቴ በፊት አሰብኩበት። ነገር ግን ደብዳቤው የተጻፈው ለውሻው ባለቤት ነው። ቀኑን ሙሉ አብሬው የምውለው እኔ ነኝ። ስለዚህ ለኔ ነው ብዬ ከፈትኩት።

ማን ላሉት፣ እኔ ነኝ። ምን ላሉት፣ የዶሮ ቆዳ፣ የሥጋ ጮማ፣ ቅቤ የተቀባ ዳቦ፣ ያለውን ሁሉ። ለምን ላሉት ግን ትንሽ ይረዝማል።

ልጄ ምግቤን ሠርታልኝ ነው የምትሄደው። እጇ አይታማም። ግን ብቻዬን አይወርድልኝም። ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። አርባ አራት ዓመት ሙሉ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስትበላ እያየሁ ነው የበላሁት። አሁን ከፊት ለፊቴ ያለው ግድግዳ ነው። ውሻው ግን መጥቶ ወንበሬ ሥር ይቀመጣል። ሲበላም ደስ ብሎት ነው። አንድ ለሱ፣ አንድ ለኔ ብዬ ጀመርኩ። እያደር አምስት ለሱ፣ አንድ ለኔ ሆነ። አሁን እውነቱን ልንገርዎና ለኔ የሚባለውም ቀርቷል።

ለምን አልተናገርክም ይሉኝ ይሆናል። ሰሃኑ ባዶ ሲሆን ልጄ ማታ ገብታ 'ጎበዝ' ትለኛለች። በሰባ ስምንት ዓመቴ ጎበዝ የሚለኝ ሌላ ሰው የለኝም።

ቫይታሚኑን በተመለከተ ግን ጥፋት የለብኝም። በየቀኑ በረንዳ ላይ ፀሐይ አሞቀዋለሁና መዝገባችሁ እንደገና ይታይልኝ።

ውሻውን አደራ ያክሙልኝ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝና በሱ አይፍረዱበት። አንድ ነገር ደግሞ ልለምንዎት። ልጄ ውሻዋ ጤነኛ ተብሎ በመመዝገቡ ለሰው ሁሉ ስታወራ ነው የከረመችው። ከተራው የሚሰረዝ ከሆነ ቀስ ብለው ይንገሯት። ቁጡ ትመስላለች እንጂ ሆደ ቡቡ ናት።

ከአክብሮት ጋር፣
የ17 ቁጥር ባለቤት"

ስለ ፀሐዩ የተጻፈው ጋ ስትደርስ ሳቋ አመለጣት። ጨርሳ እንደገና "ጎበዝ" ወደሚለው ስትመለስ ግን መነጽሯን አወለቀች። ቀና ስትል ዓይኗ ያረፈው ተለማማጅ ሐኪሞችን የምታስተምርበት ሰሌዳ ላይ ነው። "ደረቱን መሬት አስነክቶ ኋላውን ሽቅብ የሚሰቅል ውሻ ሆዱን እያመመው ሊሆን ይችላል" ይላል፣ በራሷ እጅ ጽሕፈት። በየዓመቱ ታስተምረዋለች። ፈተና ላይም ታወጣዋለች። ተነሥታ ወደ ላብራቶሪው ሄደችና ከፎቶው ፊት ቆመች። ሚዛን ተከተላት።

"እጅ ይነሳኛል እያልኩ" አለች። "ሆዴን አመመኝ እያለኝ፣ እኔ ፎቶ አነሳዋለሁ።"

ወደ ሚዛን ዞረች። "ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?"

"ውጤቱ ከመጣ ጀምሮ።"

"እንዴት አትነግረኝም?"

"ባለቅስ እንኳ እንዳትነግረኝ ብለውኛል።"

"አሁን እያለቀስኩ ነው?"

ሚዛን አየት አደረጋትና መዘነ። "ትንሽ" አለ።

ፎቶውን ከግድግዳው አወረደች፤ ጋዋኗን ሳታወልቅ ወጣች። መንገድ ላይ ያስፈራት የውሻው ነገር አልነበረም። የሹሜን መድኃኒት ታውቀዋለች። ያስፈራት ለስንት ወር ያህል ባዶ ሰሃን እያየች ስትደሰት መክረሟ ነው። እናቷ ስትታመም ቀን ከሌት ከአጠገቧ አልተለየችም፤ አሁን ደግሞ አባቷ ከእሷ ጀርባ፣ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ድምፅ ሳያሰሙ እያለቁባት ነበር። እሳቸውንም እንዳታጣ ፈራች። በሩን በራሷ ቁልፍ ከፈተች።

አባቷ ገበታው ላይ ናቸው። የምሳው ሰሃን ፊታቸው ነው፤ ሹካቸው ላይ ያለው የድንች ቁራጭ ግን ወደ አፋቸው ሳይሆን ወደ ጠረጴዛው ሥር እየሄደ ነበር። ሲያዩዋት ሹካው አየር ላይ ቀረ። ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ደንግጠው ድንቹን ራሳቸው ጎረሱት።

"በዚህ ሰዓት? በሰላም ነው?"

ሹሜ ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ደረቱን መሬት አስነክቶ ተቀበላት። ተንበርክካ ሆዱን በመዳፏ ቀስ ብላ ጫን አለችው። ሹሜ ሰውነቱን አጠንክሮ አቃሰተ። "ይቅርታ የኔ ጌታ" አለችው። ከዚያ ተነሥታ ወደ አባቷ ሄደች፣ ሹራባቸውን ከፍ አድርጋ እጇን ጎናቸው ላይ አሳረፈች። ውሻ ሲመጣላት ሁልጊዜ የምታደርገው ይህንን ነው፤ ጣቶቿን ጎኑ ላይ ታሳርፍና ለውፍረቱ ከዘጠኝ ነጥብ ትሰጣለች። የአባቷ ጎድን አጥንት አንድ በአንድ ከጣቶቿ ሥር ተቆጠረ። ቀበቶአቸው ላይም በመርፌ ቁልፍ የተበሱ ሁለት አዳዲስ ቀዳዳዎች አየች።

"ከዘጠኝ ሦስት" አለች።

"ምኑ?"

"አንተ።"

"ወድቄያለሁ በያ!"

"ወድቀሃል።"

"ጎበዝ ስትዪኝ አልነበር እንዴ?"

"ሰሃኑን ነበራ!" አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። "ሰሃኑን ነበር ጎበዝ የምለው አባዬ። አንተንማ ዞር ብዬ አላየሁህም።"

አባቷ ሹካቸውን አስቀመጡና እጇን ይዘው ከጎናቸው ላይ አነሱት፤ በሁለት እጃቸው መሀል አደረጉት። "ደብዳቤው ላይ ቀስ ብላችሁ ንገሯት ብዬ ነበር" አሉ።

"ደርሶኛል።"

"ሐኪሟ ምን አለች?"

"ሐኪሟ ሞኝ ናት። እሷን ተዋት።"

ሰሃን አመጣች። ከድስቱ ለራሷ ጨለፈችና ሁለት ዓመት ማንም ባልተቀመጠበት፣ ከግድግዳው ፊት ባለው የእናቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አባቷ መጀመሪያ ወንበሩን አዩ፣ ቀጥለው እሷን አዩ፤ ሹካቸውን አነሱ። ቀስ ብለው በሉ። እሷም እንደ ሐኪም ላለመቁጠር እየታገለች በላች፤ አልሆነላትም፣ ዘጠኝ ሹካ ቆጠረች።

"ፀሐዩስ?" አሉ አባቷ በመሀል። "መዝገቡ ታየልኝ?"

"ውሻ እንደ ሰው ከፀሐይ አያገኘውም አባዬ። እሱ የሚያገኘው ከምግቡ ነው።"

"ታዲያ በረንዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል?"

"ሙቀቱን ወዶ ነዋ። ካንተም ላለመለየት።"

"እኔስ? እኔም በከንቱ ነው የተቀመጥኩት?"

"አንተማ ታገኛለህ።"

"በይ እንግዲህ" አሉ ኮራ ብለው፣ "ከሁለታችን አንዳችን እየሠራን ነበር።"

ማግስቱን ሁለት በሽተኛ ይዛ ወጣች። አባቷ ወደ ሰው ሐኪም፣ ሹሜ ወደ እሷ ክሊኒክ ሄዱ። የሰው ሐኪሙ አባቷን ላይ ታች አገላብጦ ከክሳቱ በቀር ደህና ናቸው፤ መብላት ነው መድኃኒታቸው አላት። ሹሜ አራት ቀን ተኝቶ ታከመ፣ የሕመም ማስታገሻ ወሰደ፣ ቅባት የሌለው ምግብ ታዘዘለት፤ ያንን ምግብ ያየበት ዓይን ግን ይቅር የሚል አልነበረም። ከጤነኞቹ ተራ ተሰረዘ። ቫይታሚኑ ስላነሰ ታሞ እንደሆነ ወይስ ስለታመመ አንሶበት እንደሆነ ገና አታውቅም፤ ጥናቱም የሚለው እስካሁን ያንን ያህል ነው። ሪፖርቷ ላይ ግን "አንዱ ጤነኛ የተባለው በባለቤቱ የተሳሳተ መረጃ ምክንያት ነው" የሚል መስመር አስገባች።

ሚዛን ሪፖርቱን ሲያነብ እዚያ መስመር ላይ ቆመ። "'በፍጹም!' ያሉት ባለቤት ታዲያ ምን ይደረጉ?"

"ተፈርዶባቸዋል" አለች። "በየቀኑ ምሳቸውን ቤታቸው ሄደው እንዲበሉ።"

በሩ ላይ ያለውን ወረቀት ግን አልቀየረችውም። "የእርስዎንም ውሻ" በሚለው ሥር "የእኔንም" ብላ ጻፈችበት። ከዚያ ወዲህ አንብቦ "አንዳንድ ሰዎች ያስቸግራሉ" የሚል ጠፋ፤ እያነበቡ ወደ እሷ አይተው ፈገግ ይላሉ፣ ከዚያ ያበሉትን ይናዘዛሉ።

ሦስት ወር ያህል አለፈ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ቤት ስትገባ ሹሜ እንደ ድሮው የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን መሬት አስነካ። ቦርሳዋን ጥላ ተንበረከከች፣ ሆዱን ዳሰሰች፣ ጫን አደረገች። ሆዱ ለስላሳ ነበር። ሹሜ ጅራቱን እያወዛወዘ ጆሮዋን ላሳት፤ ወደ ኋላ ዘለለና እንደገና ዝቅ አለላት፣ አሯሩጪኝ ሲል።

"አሁንስ የእውነቱን ነው" አሉ አባቷ ከገበታው። "ሰው እጅ ሲነሳሽ ሆዱን አይዳብሱም። ነይ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ።"

ትይዩአቸው ተቀመጠችና በሉ። አባቷ ስለ ድሮ የሥራ ባልደረቦቻቸው እያወሩ፣ እሷም ስለ ሚዛን እያወራች፣ ቀበቶአቸው ከሁለቱ አዳዲስ ቀዳዳዎች በአንዱ መለስ ማለቱን ሰርቃ አየች። በመጨረሻ አባቷ ሹካቸውን አስቀምጠው "በቃኝ፣ ጠገብኩ" አሉ። ሹሜ ወንበራቸው ሥር ተቀምጦ ሽቅብ ያያቸዋል።

ሐኪሟ ሰሃኑን አየች። ግማሽ ድንች ቀርቷል። ከጎኑ የዶሮው ቆዳ እንዳለ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

"ጎበዝ አባዬ" አለች።